ያጠረ ሜትር

ደማም ውስጥ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ርቆ፣
ሱቃችን አለ በዓባያ ተጨናንቆ።
እኔ ልክ ወሳጅ ነኝ፤ ክንድ፣ ትከሻ፣ ወገብ፣
የሰው ልክ እንደ ፊደል በጣቴ የማነብ።

በመጣሁ በዓመቴ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣
ነጻነቴን ልለካ አሰብኩ፣ እንደ ቀሚስ ርዝመት።
ከደጃፍ ጀመርኩኝ፣ ሳላስፈቅድ የምሄድበትን፣
በኖራ እየጫርኩ ሜትሬ ያለቀበትን።
እስከ ዳቦ ቤቱ፦ አርባ ሁለት ሜትር።
ከደንበኞች ልክ በታች ጻፍኩት በምስጢር።
ፓስፖርቴ ከካፊሌ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤
ጥልቀቱን አልለካሁም፣ በግምት አንድ ስንዝር።

ለመንግሥት ሸክምም መላ አበጀሁ፤
የኢቃማ፣ የእድሳት፣ የቅጣት ደረሰኝ
በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቀምሁ።
ወርቅ ሻጩ ጎረቤት፣ የሐድረሞቱ ባዋዚር፣
«ወርቅሽን አምጪው» ይለኛል በየዓመቱ፣
ሲስቅ ጥርሱ እያበራ እንደ ብር።
አንደኛው ዓመት፦ ሠላሳ አንድ ግራም።
አራተኛው፦ ሃምሳ፤
የስቴፕለሩን ሽቦ አልቀነስኩለትም።

በሰባተኛው ዓመት ቆርቆሮው ኦና፤
ሁሉም ስልክ ውስጥ ገባ፣ ክፍያው እጥፍ ሆነና።
ሚዛኑ ዜሮ አለ።
ባዋዚር ሳቀና «ቀለለልሽ» አለኝ፤
ስልኬን አኖርኩበት፦
የማንም ሰው ስልክ ያህል ብቻ መዘነልኝ።

ርዝመቱ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጨምሯል፤
ፓስፖርቴ ከመሳቢያው ወጥቶ ትራሴ ሥር አድሯል።
ዳቦ ቤቱን አልፌ እስከ ኮርኒሹ ብወርድ ጠያቂ የለም፤
ስምንት መቶ ሜትር! እንዲህ ያለ ቁጥር ጽፌ አላውቅም።

ደብተሬን አሳየኋት ለባልደረባዬ ለረውዳ፤
ዓይኗን ሳታነሣ ከምትጠልፈው ጽጌረዳ፣
«ሜትርሽ የመቼ ነው?»
«የመጣሁ ሰሞን የገዛሁት ነው።»
«ከብረቱ ማስመሪያ ጋር አስተያይው።»

አስተያየሁት።
ሰባት ዓመት የካውያ እንፋሎት ጠጥቶ፣
ከመቶው ላይ ሁለት ጣት ጎድሎ፣ ቁጥሩን ግን እንዳለ አቆይቶ!
ለካስ ለዚህ ኖሯል ደንበኞቼ ሰሞኑን
«ረዘመን፣ መሬት ይጠርጋል» ሲሉኝ የከረሙትን፣
ቆራጩን የተቆጣሁት።

ታዲያ ከስምንት መቶው
ስንቱ የመንገዱ ነው፣ ስንቱ የሜትሩ ማጠር?
ሜትሩን ላስተካክል፤
ከእሱ ጋር ያጠርኩትን እኔን በምን ላስምር?

አዲስ ገዛሁ በሦስት ሪያል፣ ቢጫ፣ ሽታው ያልለቀቀው።
አሮጌውን አልጣልኩም፤ ሚስማር ላይ ነው የሰቀልኩት፤
ያለ እሱማ የድሮውን ቁጥር
ማን አምኖ ያነብበው?