የጠረጴዛው አራተኛ እግር

ሰኔ ሠላሳ ነው። መርሳን ዝናብ ይዟል፤
የማኅበሩ ቆርቆሮ ከላይ ይንጫጫል፤
ከሥር እኔ አለሁ፣ ካልኩሌተሬ አለ፣
ሁለት ዓምድም አለ፣ አንዱ የጎደለ።

ዴቢቱ ከብዷል፣ ክሬዲቱ ቀሏል፤
ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ብር የት ገብቷል?
ደመርኩት ከላይ ወደ ታች፣
ደመርኩት ከታች ወደ ላይ፤
ያው ቁጥር፣ ያው ክፍተት፣
እንደ ወለቀ ጥርስ ፈገግ ሲል የሚታይ።

ኮምቦልቻ ሳለሁ፣ መምህሬ ሲናገሩ፦
"ልዩነቱን ወስዳችሁ ለዘጠኝ መንዝሩ፤
ያለ ቀሪ ከወጣ፣ ሰው አትወንጅሉ፣
ቦታ የተለዋወጠ ቁጥር አለ በሉ።"

አካፈልኩ፤ አራት መቶ ሠላሳ ወጣ፣
ቀሪ የሚባል ነገር ከኋላው ሳይመጣ።
ኮሚቴው ግን ዘጠኝ የሚባል አይገባው፤
የመጋዘን ቁልፍ በማን እጅ ነው ያለው?
በሙሂዬ! በቃ። ቁልፉን ተቀበሉት፤
"እስኪጣራ" ብለው ከቤቱ አዋሉት።

እኔም ለልዩነቱ አዲስ ገጽ ከፈትኩ፣
"ተንጠልጣይ ሂሳብ" ብዬ በአናቱ ላይ ጻፍኩ፤
የጎደለውን ሁሉ በክሬዲት አኖርኩ።
ሚዛኑ ቆመ። የይስሙላ መቆም።
ስም የሌለው ገንዘብ በገጼ አደረ፣
ስሙን ያጣው ሙሂዬ ከበር ላይ ቀረ።

በሁለተኛው ሳምንት አንሻ ይማም መጣች፣
የሻሿን ቋጠሮ ፈትታ አወጣች፤
ደረሰኝ። የእጄ ጽሑፍ። የማሾዋ ዋጋ፦
ሰባት ሺህ ሁለት መቶ።
"ሦስተኛዬ ነው ይኸው። 'መዝገቡ አይልም' ትለኛለህ፤
የኔ አባት፣ መዝገቡን ማን ጻፈው? አንተ አይደለህ?"

ገለጥኩ። ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ይላል።
ሁለትና ሰባት ወንበር ተለዋውጠው፣
ሴትዮዋን ከደጅ አቁመው ተቀምጠው!
አልሰረዝኩም፤ ሂሳብ ስሕተቱን አይፍቅም፣
ከጎኑ እውነቱን ይጽፋል እንጂ አይደብቅም።
ተንጠልጣይን ዴቢት፣ አንሻን ክሬዲት፣
አራት ሺህ አምስት መቶ።

ዘጋሁ ብዬ ደመርኩ። ገጹ ተገለበጠ፤
ስድስት መቶ ሠላሳ በዴቢት ተቀመጠ።
ትልቁ ስሕተት ትንሹን አዝሎ ኖሯል፤
አውርዶት ሲሄድ ልጁ ማልቀስ ጀምሯል።
እሱም ለዘጠኝ እኩል ይገባል፤
የመምህሬ ጥበብ ግን እዚህ ጋ ያበቃል።

ሃያ አንድ ጆንያ፣ ባንዱ ሠላሳ ብር፤
ካዝናው "ወጪ" ብሏል፣ ገዥው ሙሂዬ ነበር።
ደረሰኙስ? ደረሰኙን ማነው ያየው?
መርሳ የኖረ ሰው መርሳት ምን ያቅተው!

መጋቢት ላይ ነው። ጠረጴዛው ሲንገዳገድ፣
ብዕሬ መስመር ለቆ እንዳሻው ሲሄድ፣
ጎንበስ ብዬ፣ አንድ ወረቀት አራት ጊዜ አጥፌ፣
ከእግሩ ሥር ሸጉጬ ጽፌያለሁ ዐርፌ።

አወጣሁት። አፈር ጠግቧል፤ ማኅተሙ አለ፤
"ሃያ አንድ ጆንያ"፤ ቃሉ አልተጓደለ።
ሰው ሁሉ ሙሂዬን ሲያማው በዚህ ቤት፣
ክርኔን አሳርፌ ነበር በሱ እውነት።

ጆንያን ዴቢት። ተንጠልጣይን ክሬዲት።
ዜሮ። በቀይ ሁለት መስመር አሰመርኩበት።

ሄድኩኝ ወደ እርሻው፤ ማሽላ ሲኮተኩት
ነበር። የሆነውን ሳልቀንስ ነገርኩት።
ዶማውን ተደግፎ ዝም ብሎ ቆየ፤
ወደ ጊራና በኩል ደመናውን አየ፤
በኋላ፣ ሳይቆጣ፣ እንዲያውም ሳይዋዛ፦
"ታዲያ በምን ቆመ አሁን ያ ጠረጴዛ?"

ቁልፉ ተመለሰ፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤
ይቅርታ የሚል ቃል ካጀንዳው አለፈ።
ለሱ የሚሆን ዓምድ እኔም አላገኘሁ።

ዛሬም እጽፋለሁ።
ሰባትን ስጽፍ ጠረጴዛው ይንገጫገጫል፤
እጄ ቆም ይልና ደግሞ ያረጋግጣል።
ከአራተኛው እግር ሥር ምንም የለም።