በቅንፍ ውስጥ

ካላማ ላይ ሌሊት፣ በረሃው ሲበርድ፣
የማቅለጫው ፈረቃ ከኮረብታ ሲወርድ፣
የማታ ክፍሌ ውስጥ ስምንት ወንበር ሞላ፤
ዶን ኤሌውቴሪዮ ተቀመጠ ኋላ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ መዳብ ያቀለጠ፣
ስሙን ለመጻፍ ግን ዛሬ እርሳስ ጨበጠ።

"ዚንክ ሁሌም ሁለት፣ ብር አንድ ነው የሚሰጥ፤
ልኩ ለታወቀ ቁጥር አይቀመጥ።
ብረትና መዳብ ግን አይጨበጥ አመላቸው፤
እንደ ተቀባዩ ነው የስጦታ ልካቸው።
ሰጪውን አትጠይቁ፣ የሰጠውን አያወራ፤
ወሳጁን ያዙና ከእሱ ጀምሩ ቆጠራ።
ክሎሪን አንድ ይወስዳል፤ ሦስት ሆነው ከከበቡት፣
ብረት ሦስት ከስሯል፤ 'ብረት ሦስት ክሎራይድ' በሉት።
ሦስቱን በሮማ ቁጥር፣ ከስሙ አስጠግታችሁ፣
በቅንፍ ክተቱት፤ ክፍተት ሳትተዉ፣ አደራችሁ።"

ጠርሙሱን አነሳሁ፦ ቀይ ዱቄት፣ የሸክላ ስባሪ መሳይ።
ሁለት መዳብ፣ አንድ ኦክስጅን ጻፍኩ ሰሌዳው ላይ።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ከኋላ፦ "መዳብ ሁለት ኦክሳይድ!"
"አይደለም፤ እሱ ጥቁሩ ነው፤ በችኮላ አንፍረድ።
የታች ሁለት የሚነግረን ስንት ሆነው እንደመጡ፤
በቅንፍ የሚገባው ግን፣ በነፍስ ወከፍ ስንት እንዳጡ።
ኦክስጅን ሁለት ወሰደ። ሰጪዎቹም ሁለት ናቸው።
ስንት ስንት ደረሳቸው?"

ዝም አለ።

ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አራት ጣት።
"ወንድሜ ጉሜርሲንዶና እኔ... አራተኛው ምድጃ ፊት።
ድርጅቱ መዝገቡ ላይ 'ሁለት ተጎጂ' ብሎ አለፈ፤
ማን ምን እንዳጣ ግን በቅንፍ ማንም አልጻፈ።
ከእኔ ጣት፣ ከእሱ ዐይን። አንድ፣ አንድ።
እንግዲያ ይሄ..."
                    ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አዞረ።
                                        "...መዳብ አንድ ኦክሳይድ።"

ቀስ ብሎ ጻፈው። ቅንፉ ትንሽ ተንጋደደበት፤
እኔም አላረምኩት፣ እንዲያው ተውኩለት።

አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ። ወንበሮቹ ተንጫጩ።
ሌሎቹ ወጡ፣ አንገታቸውን በሻርፕ እየቋጩ።
እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ ዞረ፦
"መምህርት፣ ከነዚህ መሐል እስከ ስንት የሰጠ አለ?"
"ማንጋኒዝ፣" አልኩት። "አንዳንዴ ሰባት ይደርሳል።"
"ሰባት!" ኮፍያውን ደፋ፤ ራሱን ነቀነቀ፦
"ያ ደግሞ ልጆቹን በምን ያሳድጋል?"