ሠላሳ አምስት ደቂቃ

ሥራዬ ሰው መመዘን ነው።
አውሮፕላኗ ትንሽ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ወንበር፣
ከነሻንጣው ሳልመዝነው አንድም ሰው አይበር።
ጳጳስም ቢሆን፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣
ጫማ አውልቆ ነው መውጣት፣ እዚች ብረት ላይ፤
እኔም ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ፊት ሳላይ።

ከኋላዬ ሰሌዳው ተሰቅሏል፤
«ከአፒያ ፓጎ ፓጎ» ይላል።
ርቀት፦ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፤
ጊዜ፦ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣
ፓፓያ ልጦ፣ በልቶ፣ እጅ ለመታጠብ የሚበቃ።

ሰሌዳው ያልጻፈው፦
መካከል፣ ባሕሩ ላይ፣ መስመር ተሰምሯል፤
ዓሣ አያውቀውም፣ ማዕበል ይሻገረዋል።
ከዚህ ዓርብ በአራት ሰዓት የተነሣ
እዚያ ሐሙስ ያርፋል።
የእጅ ሰዓትህን አትነካም፤
ቀኑ ብቻ ነው የሚፈርሰው።
ቱሪስቱ ይስቃል።

በዚያ ዓርብ ፉአቲኖ መጣች፣ ከሁሉም ቀድማ፣
ጸጉሯ ሳይበጠር፣ ግራና ቀኟ የተለያየ ጫማ።
ስድሳ ስምንት ኪሎ። ጥቅል ምንጣፍ ታቅፋለች፣
እሱ ሁለት ተኩል።
እናቷ ጎህ ሲቀድ ዐርፋለች።
ይህን ከሰልፉ ሰማሁ እንጂ ከራሷ አልሰማሁትም፤
መርዶ ሚዛን አይደፋም፤ መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም።

የቀረውን የነገሩኝ ሲመለሱ ነው።

ታናሿ ሩታ ቱና ፋብሪካ ትሠራለች።
በር ላይ አስጠራቻት። በነጭ ቦቲ፣ በፕላስቲክ ሽርጥ፣
ክንዷ ላይ የዓሣ ቅርፊት እንደተለጠፈ ወጣች፤
የእህቷን ሁለት ዐይነት ጫማ አየች።
«መቼ?» አለች።
«ዓርብ። ጎህ ሲቀድ።»
ሩታ ቀና ብላ የፈረቃውን ሰሌዳ አነበበች፤
ሐሙስ።
«እንግዲያው እማዬ ነገ ነው የምትሞት፤
ዛሬ አለች። ፈረቃዬን ልጨርስበት።»

ተመልሳ ገባች፤ ዓሣ ስትዘለዝል ዋለች።
ማታ ሩዝ ቀቀለች፤ ፉአቲኖን በግድ አጎረሰች፤
ለእናቷ ያስጠገነችውን መነጽር አውጥታ ወለወለች፤
ስለ ግትርነቷ እያነሣች ሳቀች።
«ናት» እንጂ «ነበረች» አንዴም አላመለጣት።
እህቷም አላረመቻት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ
ሩታ ጮኸች፤ ሰፈሩ ነቃ።

ሁለት ሰዓት ላይ ተነሡ። እዚህ ሲያርፉ ቅዳሜ ነው።
ሻንጣ ሳወርድ ከፊቴ ቆመች፣
መነጽሩ ደረት ኪሷ ውስጥ።
«ወንድሜ፣ ለእህቴ ሐሙስን ሁለቴ ሰጣችኋት፤ ይሁን።
የኔ ዓርብ ግን ገና ሁለት ሰዓቱ ነበር፤
አልቅሼ አልጨረስኩም።
የተረፈውን የት አደረጋችሁት?»

ዞሬ ሰሌዳውን አየሁ፤
ርቀት፣ ደቂቃ፣ ዋጋ።
ለፓጎ ፓጎ የሚሳፈር አንድ ሽማግሌ
ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ቆሟል።
ቁጥሩን ሁለቴ አነበብኩት፤
አልያዝልህ አለኝ።