ሦስተኛው ስኒ

ሳንቶስ ወደብ አጠገብ፣ ከመጋዘኑ በላይ፣
ክብ ጠረጴዛ አለን፣ ዟሪ እንደ ወፍጮ ድንጋይ።
እኛ ቆመናል፤ እሱ ነው የሚዞረው፣
ስኒውን በተራ ወዳፋችን የሚያመጣው።
እግራችን ሥር መትፊያ፣ ወገብ የሚደርስ ቆርቆሮ፣
በተተፋበት ቁጥር የሚጮህ እንደ ከበሮ።

መምህሬ ኦስቫልዲር፣ ስልሳውን የተሻገረ፣
ከሽንኩርት ከትምባሆ ምላሱን ሲያስጾም የኖረ፣
«ጥሩ ነው» ያልኩት ቀን ማንኪያውን አስቀመጠ።
«ጥሩማ ውሻም ያውቃል» አለ፣ ፊቱ እየተለወጠ፣
«ምን ምን ይላል? እሱን ንገሪኝ።»

ገዢዎች የላኩት ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤
ባለ ቀለም መንኮራኩር፣ ጣዕም ሁሉ ስም ወጥቶለታል፦
በልቼ የማላውቀው እንጆሪ፣ አሽትቼ የማላውቀው አበባ፣
የበረዶ አገር ፍሬ፣ አንድም ቀን አፌ ያልገባ።
መጀመሪያ ሰሞን እሱን እያየሁ እዋሽ ነበር።
አንድ ጠዋት ግን አመለጠኝ፦ «ይሄማ
እናቴ ድስት ቂጥ ላይ ያረረ ስኳር ነው፤
ያኛው ጃቡቲካባ ይላል፣ ከግንዱ ላይ ለቅመን፣
ከነልጣጩ ስንበላው እንደሚጎመዝዘው።»
ኦስቫልዲር ሳቀ።
«አሁን ምላስሽ አፍ አወጣ» አለኝ።

ደግሞ አስተማረኝ መጠበቅን፦
ትኩስ ሁሉ ደግ ይመስላል፤
ቡና የሆዱን የሚያወጣው
ሲበርድ ነው።

ማክሰኞ ዕለት፣ ቁጥር አርባ ሰባት። አገር የለው፣ ስም የለው፣
አምስት ስኒ ከአንድ ጭነት፣ ቁጥር ብቻ የያዘው።
አንደኛው ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ጫፉ ላይ የብርቱካን ልጣጭ፤
ሁለተኛው ያው ነው፣ ወፈር ያለ፣ ላንቃ ላይ ተቀማጭ።
ሦስተኛው
አዮዲን። የክሊኒክ ጥጥ።
«ሪዮ» እንለዋለን እዚህ ቤት፤ አንድ ስኒ ከያዘው
የጭነቱ ሁሉ ዋጋ ቁልቁል ነው የሚወርደው።

ግን ከአዮዲኑ ሥር ሌላ ነገር፦ የበሰበሰ ዘይቱን፣
ማስጫው ዳር የወደቀ፣ ጉንዳን የወረረው ጎኑን፤
እርጥብ ሲሚንቶ፣ መሃሉ ላይ የተሰነጠቀ፤
ሸራ ሳይደርስለት ሌሊት በዝናብ የጨቀየ።
አውቀዋለሁ ይሄን ግቢ።
እዚያ ስንጥቅ ላይ ነው በስድስት ዓመቴ የወደቅኩ፣
ጉልበቴን አዮዲን ሲቀቡኝ እሪ ብዬ ያለቀስኩ።
አባቴ ነው፣ ከሚናስ ተራራ
ቁጥር ሆኖ የመጣው።

ቀማሽ ይተፋል። የሙያው ሕግ ነው።
እኔ ዋጥኩት።

ኦስቫልዲር ያልጮኸውን ቆርቆሮ ሰማ።
ጠረጴዛውን በአንድ ጣቱ አቆመ።
«ምን ምን ይላል?»
አራተኛው ስኒ በረደ፤ አምስተኛውም።

«ዝናብ ዝናብ ይላል» አልኩት፣ «በአንድ ሌሊት የጣለ፤
ሸራ ብቻውን መጎተት ያቃተው ሽማግሌ ያለ።»
«እሱ ለመዝገብ አይሆንም» አለና እርሳሱን ሰጠኝ።
ጻፍኩት፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይሄ ነው ያስደነገጠኝ።

ማታ አባቴ ደወለ። «ደላላው ናሙናዬን ወስዷል» አለ፣
«ምናልባት በእጃችሁ ያልፍ ይሆናል፣ እግዜር ካለ።
ቀምሰሽው ከሆነ፣ ምን ምን ይላል?»

«ለውዝ ለውዝ ይላል፣ አባዬ። የብርቱካን ልጣጭ።»
«ደግሞስ?» አለ።

ስምንት ሰዓት አልፎታል፤
አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ነው።