ግማሽ

ሱካንቲ እንቁላሉን በክር ትከፍላለች፣
«ቢላዋ አስኳሉን ይንደዋል» እያለች።
የስፌት ክር ነው፤ አንዱ ጫፍ ጥርሷ ላይ፣ ሌላው ጣቷ ላይ ዞሮ፣
ቢጫውን ለሁለት ይተዋል፣ ነጩን ቀስ ብሎ ሰርስሮ።
ግማሹ ለላኩማ፣ ግማሹ ለቢሲ።
ሁለቱም የሌላውን በዓይን ይለካሉ።

ኩሱምጉዳ ነው መንደሩ፣ የኦዲሻ ኮረብታ ላይ፤
ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ጣሪያው በሦስት ቀዳዳ ሰማይ የሚያሳይ።
አንጋንዋዲ ይሉታል፤ «የግቢ ቤት» እንደ ማለት ነው ትርጉሙ፤
ግቢውን ጎርፍ ወስዶት የቀረው ነው ስሙ።
እናት ሩዝ ልትተክል፣ አባት ጡብ ሊተኩስ ሲሄድ፣
ፊደልም፣ እጅ መታጠብም፣ ወረፋም እዚህ ነው የሚለመድ።

ከአምስት ዓመት በፊት ሰነዱ «ስድስት ሩፒ» ብሎ ቆረጠ፤
ዶሮ ሰነድ አታነብም፣ ገበያው ብቻውን ሮጠ።
ዘንድሮ ሐሙስ ገበያ ላይ ስምንት ሩፒ ገባ አንዱ፤
ልዩነቱን ማን ይሙላ? ዝም ይላል ሰነዱ።
የእሷም ገንዘብ ሦስት ወር ሆነው መንገድ ላይ ከቀረ፤
«ደመወዝ» አይባልም፣ «የክብር አበል» እየተባለ የኖረ፤
ክብሩን ለባለሱቁ ብትሰጠው ዱቤውን መች አሳጠረ?

በእኛ አገር እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል።
ይሄኛው የሚሄደው በፋይል ነው፤
ከበጀት ቤት ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከክፍለ ሀገር ወደ ወረዳ፣
በየደረሰበት ማኅተም እያረፈበት፤
ኩሱምጉዳ ሲደርስ
ግማሹ የለም።

ስድስት ወር መዝገቡን «አንድ» እያለች ሞላች፤ እጇ አልተንቀጠቀጠ፤
የላኩማ ክብደት ግን አብሯት መዋሸትን አልመረጠ።
አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል። ባለፈው ወርም አሥራ አንድ ተኩል።
ቢጫው መስመር ላይ ቆሟል፣ እንደ አስኳሉ፣ እኩል በእኩል።
ያን ማታ በ«አንድ» ቦታ «ግማሽ» ብላ ጻፈች፤
ሃያ ሦስት ጊዜ፤ አንዱንም ሳትንድ ጨረሰች።

መዝገቡ ከወረዳ ተመለሰ፣ ቀይ ቀለም ፈሶበት፤
«ሥርዓቱ ክፍልፋይ አይቀበልም፤ ወይ አንድ፣ ወይ ዜሮ ሙይበት።»

ተቆጣጣሪዋ ማንጁሻ በሞተር ሳይክል መጣች፣
የራስ ቁሯን ሳታወልቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች፦
«እኔ'ኮ አምንሻለሁ። ኮምፒዩተሩ ነው።»
«ልጁስ?» አለች ሱካንቲ፤ «ልጁ ክፍልፋይ ይቀበላል?»
ከድስቱ አንድ እንቁላል አወጣች፣ ላጠችው፤
ክሩን ለእንግዳዋ ሰጠቻት።
«እስቲ አንቺ ክፈዪው። የማን እንደሚያንስ እዚያው ንገሪያቸው።»

ማንጁሻ ክሩን ይዛ ቆየች።
ሃያ ሦስት ጥንድ ዓይን አልተጣደፈም፤
ወረፋ የተማሩ ልጆች ናቸው።
ከፈለች። አንዱ ወገን ተለቅ አለ።
አልተናገረችም።

የእናቶች ቀን አርብ ነበረ። ከማሳ ቀጥታ መጡ፣
ጭቃው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሳይደርቅ፤
ከየ«ግማሹ» ጎን አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፣
ኅዳጉ ሰማያዊ እስኪሆን፣ ለቀይ ቀለም ቦታ እስኪጠፋ ድረስ።
ማንጁሻ መዝገቡን ሳታርም በፌስታል ጠቅልላ ጫነችው።
የት እንደሚደርስ አላለችም።
ክሩን ጣቷ ላይ እንደጠቀለለች ረስታው ሄደች፤
ከመሪው ላይ ጫፉ ሲውለበለብ
ቢሲ እስከ መታጠፊያው ቆጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ ድረስ ነው የሚችለው።

በማግስቱ ሱካንቲ ሌላ ክር በጠሰች።
ክር ርካሽ ነው።
ለክር በጀት አይጠየቅም።