አራት ሰከንድ

በፖርቬኒር ነፋሱ ዛፍ አጎንብሶ ያሳድጋል፤
ሌሊት ቆርቆሮ ያፏጫል፣ ቀን ባሕሩን ይገፋል።
ከወደቡ ሦስተኛው ቤት፣ ቀለሙ የደበዘዘ ቢጫ፣
ጣሪያው ላይ አንዲት አንቴና፣ መጠኗ የልጅ ጡጫ፤
ከሥሯ ዝላታ አለች፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ፣
የመርከብ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ብየዳ የለበለበው ጣቷ።

ሣጥን ውስጥ ሣጥን አለ፤ የውስጠኛው ሁሌ ሞቃት፤
ኳርትዙ እዚያ ነው የሚኖረው፣ ክረምት በማይደርስበት።
በሰከንድ ዐሥር ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤
ለአጭር መንገድ ታማኝ ነው፤ መንገዱ ሲረዝምበት ግን
እንደ ደከመ ቀዛፊ፣ ሳያውቀው ወደ አንድ ጎን ያደላል።

ሳተላይቶቹም ከላይ በየሰከንዱ አንድ ምት ይልካሉ፤
ቃላቸው እውነት ነው፣ ግን መንገድ ላይ ይደናቀፋሉ፤
አየሩ ያዘገያቸዋል፣ ከጎረቤት ጣሪያ ይነጥራሉ፤
አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አንዱ ዘግይቶ፣
አንዱ ባርኔጣውን ለነፋስ ሰጥቶ።
ከሰከንድ ቢሊዮን እጅ ሠላሳው፣ አርባው ነው ልዩነቱ፤
ለእኔ ቢጤው ምንም ነው፤ ለእሷ ግን ገበያ ነው ሁከቱ።

ስለዚህ አትቸኩልም፤
ለመጣው ምት ሁሉ መሪ አታዞርም።
ሺህ ትሰማለች፣ ሺሁን ትደምራለች፣
ለሺህ ታካፍላለች፤
ከዚያ በኋላ ነው ለኳርትዙ፣ ጨው እንደሚቆነጥር ሰው፣
ቅንጣት ቮልቴጅ የምትጨምርለት፣ ወይ የምትቀንሰው።
"ጀማሪ ነው" ትላለች፣ "የሚባንን በሰማው ሁሉ፤
ሰክሮ የሚዞር መርከብ አይቻለሁ፣
መሪ ያዡ ሳይቀምስ ውሎ።"

ከተማው ግን የእሷን ሰዓት አያውቅም።
የሚያውቀው ኤውዶሮን ነው፣ በአንድ እግሩ የሚያነክሰውን፣
የእሳት አደጋ ጣቢያ ገብቶ
በየቀትሩ ሳይረን የሚያስጮኸውን፤
ውሾች አብረው ያላዝናሉ፤
ዳቦ ሻጯ በሯን ትዘጋለች።

ዝላታ መዘገበችው። ዐሥራ አንድ ዓመት፣ በእርሳስ።
ሁለት ሰከንድ እየቀነሰች፣
ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ እቤቷ እስኪደርስ።
ማክሰኞ፣ ሃያ ዘገየ። ረቡዕ፣ ዐሥራ ሁለት ቀደመ።
አንድ ዓርብ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፤ የልጅ ልጅ ተወልዳለት ነበር።
ቅዳሜ ምንም። ጉንፋን።
መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ነፋሱ ያወራሉ እንጂ
"ዛሬ ቸኩለሃል" አትለውም፤
የአንድ ቀን ኤውዶሮ ምንም አይነግራትም።

የሦስት ሺህ ስምንት መቶ ቀን ኤውዶሮ ግን ነገራት።
የእጅ ሰዓቱ መቅደም መዘግየት እርስ በርሱ ተጣፍቶ
አንድ ነገር ቀረ፤ አራት ሰከንድ መዘግየት።
ለምን አራት? ሄዳ በመስታወት አየችው፦
ዓይኑ ደክሟል፣ ሰዓቱን በመስኮቱ ብርሃን ያነባል፤
ከመስኮቱ እስከ ቁልፉ ስድስት እርምጃ፣
በዚያ እግር።
ብቻዋን ሳቀች።

በሰኔ በረዶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሴት ልጁ ዘንድ ሄደ።
የጣቢያው አዛዥ መጣ፣ "አንቺ ታውቂያለሽ" አላት፤
ሳይረኑን ከሳተላይቶቹ ጋር አሰረችው።
ሰኞ፣ ዜሮ። ማክሰኞ፣ ዜሮ። ረቡዕ፣ ዜሮ።
እርሳሱ መቀረጽ እንኳ አላስፈለገውም።

ሐሙስ ሌሊት ተነሥታ
አራት ሰከንድ ጨመረችለት።
በማግስቱ ቀትር ቆማ ሰማች።
እሱ አልነበረም።
ደብተሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አገላበጠችው፤
ከዚያ ሁሉ ቀን በአንዱ እንኳ
ኤውዶሮ ልክ አራት ዘግይቶ አያውቅም።

አራቱን አነሣችው።

አሁን ሳይረኑ በልኩ ይጮኻል፣ በልኩ ያበቃል።
ውሾቹ ግን እንደ ድሮው ናቸው፤
አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣
የዳቦ ቤቱ አሮጌ ሁሉም ዝም ካሉ በኋላ።
ዝላታ እርሳሷን ቀረጸች፤
አዲስ ገጽ ገለጠች።