ምስማርና ሲባጎ

ከሂርማታ ገበያ ቁልቁል፣ ልብስ ሰፊዎቹን አለፍ ብሎ፣
አምስት ኮምፒውተር አለ፤ አንዱ አይነሣም፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።
ደቂቃው ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። ሸምሲያ ሰዓት ትይዛለች፤
ገና ሳልቀመጥ በቀይ እስክሪብቶ ስሜን ትጽፋለች።

ዛሬ ብቻዬን አልመጣሁም።
ጋሽ ሙዘይን አባ ፊጣ፣ እንጨት ጠራቢው፣ ከኋላዬ ቆመዋል፤
ዝናቡ ከኮፍያቸው ወርዶ ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠባል።
የወንበሩን መደገፊያ ጌጥ ሊያዩ ነው፣ ሦስት ሌሊት የሣልኩትን፣
በትምህርት ቤቱ ማሽን እንደ አበባ የፈካውን፣ ክቡን፣ ቀለበቱን።
መንገዱን ሁሉ ሳወራላቸው ነበር፦
"ይሄ እንደ ፎቶ አይደለም፤ በመሥመር ነው እንጂ በነጥብ አልተሞላም፤
እንደ በር ቢያሳድጉት፣ እንደ ቁልፍ ቢያሳንሱት፣ ጠርዙ አይቆረፍድም።
አዲስ ደንብ ወጥቶለታል፤ ዓለም የተስማማበት።"
እሳቸው፦ "ዓለም ተስማማ? በምን ቀን? የት?"

ዲስኬቱ ገባ። አጉረመረመ። ጸጥ አለ።
ባዶ ሣጥን ተዘረጋ፤ ጥጉ ላይ ቀይ ኤክስ በቀለ፣
ቁርጥ እኔ በተማሪ ደብተር የምጥለውን የመሰለ።

"ጌጡ ይሄ መስኮት ነው?" አሉ ጋሽ ሙዘይን፣ በትሕትና።
"ጌጡማ አለ፤ ብራውዘሩ ነው ያላወቀው፤ ገና ነውና።"

"ተጨማሪ ፕሮግራም ያውርዱ" አለን።
አወረድኩ። ስልኩ ያፏጫል፣ ይስላል፣ ሲዘንብ ደግሞ ይቆረጣል።
አርባ ደቂቃ። ዐሥር ብር።
ከዚያ የአምራቹ ገጽ ብቅ አለ፣ ፊቱ ፈገግታ፣ ቃሉ አጭር፦
ለዚህ ምርት የምንሰጠው ድጋፍ አብቅቷል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።

ድጋፍ አብቅቷል።
ለመደገፊያ ለመጡ አዛውንት ይህን በምን አፌ ልንገር?
ያኛው አምራች "በሚቀጥለው እትም" ይላል፣ ዓመት ባለፈ ቁጥር፤
ሦስተኛው ግማሹን ክብ ያሳያል፣ ግማሹን ይውጠዋል።
ደንቡን ሲያጸድቁ አንድ ጠረጴዛ ከበው ሳይቀመጡ አልቀሩም፤
ሲነሡ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ወንበር ይዞ ሄዷል።

ጋሽ ሙዘይን ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ።
"በርጩማ በሦስት እግር ለምን እንደምንሠራ ታውቃለህ?
አራት እግር ደልዳላ ወለል ይለምናል፤ ወለሉ ደግሞ የሰው ነው።
ሦስቱ ጭቃም ላይ ይቆማል፣ ኮረትም ላይ፣ አዌቱ ዳርም።
በል እንግዲህ፣ ማየቱን ከከለከሉን፣ መስማቱስ?"

መስማቱ።
ለካ ሥዕሉ ቃል ነው! ፋይሉን እንደ ደብዳቤ ከፈትኩት፤
ውስጡ ቁጥር በቁጥር፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፦
"መሐሉ፣ ከግራ መቶ ሃያ፣ ከላይ መቶ ሃያ። ራዲየስ አርባ።
ከዚህ ተነሥ። ወደዚያ ጎብጥ። ተመለስ። ዝጋና ሌላ ግባ።"

ሸምሲያ የሞኒተር ካርቶን ቀዳ ወለሉ ላይ አነጠፈች፣ ሳትጠየቅ።
ከአንዱ ኪስ ምስማር፣ ከሌላው ሲባጎ፣ ከጆሮ ላይ እርሳስ፤
ምስማሩን ተከሉ፣ ሲባጎውን ወጠሩ። "ቀጥል፤ አትፍጠን፤ ቀስ!"
አንድ ቦታ ላይ ሰማንያውን ስምንት አልኩ፤
"ይሄ ቅጠል አይደለም፣ ኪንታሮት ነው" አሉ፤ አረምኩ።

ክቡ ከክቡ ላይ ተቀመጠ፣ ቅጠሉ ከክቡ ወጣ፤
ያ ሦስት ሌሊት የደከምኩበት፣ በቡናማ ካርቶን መጣ፣
ትንሽ የወላገደ፣ ከእኔው የተሻለ።

ዝናቡ አባራ። ሒሳብ ስጠይቅ፣
"የባዶው ሣጥን ዐሥር ብር" አለች፤
ለሞላው ታሪፍ ስለሌላት፣
የካርቶኑን ሃምሳ ሳንቲም ጨመረች።